እጅህን ክተታ

ባሌ ፉልቤር ቂም የሚይዝ ሰው አልነበረም። ቂመኛዋ እኔ ነኝ፤ እናቴ ራሷ «ኦርታንስ ጥርሷን ነክሳ ነው የተወለደችው» ትል ነበር። እሱ ሲሰድቡት የሚስቅ፣ ዶሮው የጎረቤት ጓሮ ገብቶ በድንጋይ ሲመታ እንኳ «ማን ሂድ አለው?» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነበር። ስለዚህ በሰባ አንድ ዓመቱ ሰው ሊጎዳ ቆርጦ ሲነሳ ሳይ፣ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ እስኪቃረብ አብሬው የኖርኩት ሰው ወጥቶ ሌላ የገባ መሰለኝ። እሳቱን የለኮስኩት ደግሞ እኔው ነበርኩ።

ነገሩ የጀመረው በደም ምርመራ ነው። ሽንቱ እየተቆራረጠ ሲያስቸግረው ልጃችን ጊስሌን ከደሴታችን ዋና ከተማ ከፎር-ደ-ፍራንስ ድረስ መጥታ ጎትታ ወሰደችው። የፕሮስቴት እጢን ሁኔታ የሚያሳየው የደሙ ቁጥር ከፍ ብሏል ተባለ። ቀጥሎ በመቀመጫ በኩል በጣት የሚደረገው ምርመራ መጣ። አልሲድ የሚባል፣ ከልጅነት ጀምሮ ሙዝ እርሻ ላይ አብሮት የሠራ ጓደኛ አለው። ወሬውን ሲሰማ ደጃፋችን ላይ ቆሞ፣ የመንደራችን የሎረን መንገደኛ ሁሉ እስኪሰማ፣

«እንዴት ነው ጃል፣ ቀለበት አሰረልህ ወይስ እንዲሁ ሸኘህ?» አለ።

«ሐኪሟ ሴት ናት። ዝም በል።»

«ሴት! ታዲያ ምን ያነጫንጭሃል? እኔ ብሆን በየሳምንቱ ቀጠሮ እይዝ ነበር!»

ፉልቤር ሳቀ። ለረጅም ጊዜ የመጨረሻ ሳቁ እሱ ሆነ። ከዚያ በመርፌ አሥራ ሁለት ቦታ ወግተው ናሙና ወሰዱ። ውጤቱ ሲደርስ ዶክተር ሊናል፣ ቀጭን ናት፣ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው፣ ወንበሯን ከጠረጴዛው ወዲህ ስባ ከፊታችን ተቀመጠች። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መልካም ዜና የያዘ ሐኪም ከወንበሩ አይነቃነቅም።

«የፕሮስቴት ካንሰር ነው» አለች። «ከእጢው አልወጣም። ክፉ የሚባለው ዓይነት አይደለም፣ ተኝቶ የሚኖረውም አይደለም። መካከለኛ ነው።»

«አሁን ምን ይደረግ?» አልኳት እኔ። ፉልቤር ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእጢ ሥዕል እያየ ነበር።

«ምርጫ አለ። ቀዶ ጥገና አለ፣ ጨረር አለ። አንዳንዱን ሰው ምንም ሳንነካ እየተከታተልን እናቆየዋለን፤ ለእርስዎ ግን እሱን አልመክርም። ከሁለቱ የቱም ቢሆን ያድናል። የሚለያዩት በሚያስከትሉት ጣጣ ነው።» ጣጣውን አንድ በአንድ ነገረችን። ቢላዋው ሽንት መቆጣጠርን ሊያስቸግር ይችላል፣ ወንድነትንም ሊነካ ይችላል። ጨረሩ ስምንት ሳምንት ያህል፣ ከቅዳሜና እሁድ በቀር በየቀኑ መመላለስ ይፈልጋል፤ ሆድን ይረብሻል፣ ያደክማል፣ ወንድነቱንም ቀስ እያለ ሊያዳክም ይችላል። «አይቸኩሉ። አንድ ሁለት ወር አስበው ቢመጡ የሚያመልጠን ነገር የለም።»

ፉልቤርን ያሳበደው ይኼ ነው። መኪና ውስጥ ገብተን በሩን እንደዘጋ፣

«ቁረጡት ቢሉኝ እቆረጣለሁ» አለ። «አቃጥሉት ቢሉም እቃጠላለሁ። ምረጥ ይሉኛል እንዴ? ምን አውቄ? እኔ የማውቀው ሙዝ ነው!»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሦስተኛ ሰው ገባ። ስሙ ጭንቀት ነው። ፉልቤር ሽንት ቤት ገብቶ ሲቆይ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አደምጣለሁ፤ እሱ እንደማደምጥ ስለሚያውቅ ቧንቧውን ይከፍታል። የላቦራቶሪውን ወረቀት በአጉሊ መነጽር ያነባል፣ አጥፎ ያስቀምጠዋል፣ ቡናውን ሳይጨርስ ደግሞ ያወጣዋል። ጠዋት «ቀዶ ጥገናው ይሻላል» ይላል። ምሳ ላይ «በዚህ ዕድሜዬ ሽንት ጨርቅ? አይሆንም፣ ጨረሩ» ይላል። ማታ ላይ ሁለቱንም ይረግማል። ዓሣ አቀርብለታለሁ፣ አጥንቱን ለይቶ ለይቶ ሥጋውን ለውሻው ይሰጣል። ሱሪው ከወገቡ መውረድ ጀመረ።

አንድ ነገር ብቻ እየደጋገመ ይጠይቀኝ ነበር። «ከምን መጣ? ኦርታንስ፣ ከዱቄቱ ነው አይደል?»

ዶክተሯንም ጠይቋት ነበር። «በአንድ ሰው ላይ ከዚህ መጣ ብዬ መማል አልችልም» አለችው። «ግን ስንት ዓመት በተኑ?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ጻፈችው። ጽፋም እስክሪብቶዋን ቶሎ ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም።

ዱቄቱን እኛ ጋ የማያውቅ የለም። የሙዝ ሥር የሚቦረቡር ጥንዚዛ አለ፤ እሱን ለመግደል ወንዶቹ ባልዲ ታቅፈው፣ በየሙዙ ግንድ ዙሪያ በእጃቸው ይበትኑ ነበር። በባዶ እጅ። በዚያው እጅ ምሳቸውን ይበላሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ። የላይኛው እርሻ አለቃ ክሎቪስ ይባላል። የውጭ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የኛው ጥቁር፣ የኛው መንደር ልጅ ነው። ሥልጣን ሲያገኝ ግን ሰው ሁሉ አንቱ አለው፣ ሙሴ ክሎቪስ ሆነ፤ ሙሴ እኛ ጋ አቶ እንደማለት ነው። ወንዶቹ ሲበትኑ እሱ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ቆሞ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ያዛል። ጊስሌንን አርግዤ በነበረበት ዓመት ፉልቤር አፍንጫው እየደማ ሲያስቸግረው ጓንት ጠየቀው።

«ጓንት?» አለው ክሎቪስ፣ ሰው ሁሉ ፊት። «ልትሞሸር ነው እንዴ? ይኼ እኮ ወተት ነው። ከፈለግክ በጥብጠህ ጠጣው።» ሠራተኛው ሳቀ፤ ካልሳቀ ነገ ሥራ የለማ። ፉልቤርም ሳቀ። በማግስቱ ግን «ጓንት እስኪሰፋልህ ቤትህ ቆይ» ተብሎ ሦስት ሳምንት ያለሥራ ተቀመጠ።

ይኼን ፉልቤር ያውቃል። የማያውቀውን የማውቀው እኔ ነበርኩ።

በዚያ ዘመን እኔ በሳምንት ሁለት ቀን የክሎቪስን ቤት ልብስ አጥብ ነበር። ሚስቱ ማዳም ክሎቪስ ገና የመጀመሪያው ቀን ላይ ሁለት ገንዳ አሳየችኝ። «የሙሴን የእርሻ ልብስ በዚህኛው፣ ለብቻ። ከልጆቹ ልብስ ጋር እንዳትነካኪው። ዱቄቱ አለበት» አለችኝ። የሀብታም ቅብጠት መሰለኝ። አጥቤ ስጨርስ ቤቴ እገባለሁ፤ ገብቼም የፉልቤርን ሸሚዝ ከጊስሌን ዳይፐር ጨርቆች ጋር በአንድ ገንዳ እዘፈዝፋለሁ። አርባ ዓመት ይኼን ነገር ለማንም ሳልናገር ኖርኩ። ዱቄቱ የታገደ ቀን በሬዲዮ ስሰማ እጄን አየሁት፤ ያን ጊዜም አልተናገርኩም።

አንድ ሐሙስ፣ ልብስ ሳሰጣ፣ ፉልቤር መጥቶ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ። «እነሱስ ቢሆኑ ያውቁ ነበር ትያለሽ?» አለኝ፣ በዚያ በገራገር ድምፁ። «ሳያውቁ ይሆናል እኮ።»

ሳያውቁ! ቋጠሮዬ ተፈታ። የሁለቱን ገንዳ ነገር ነገርኩት።

ከገመዱ ላይ የራሱን እርጥብ ሸሚዝ አውርዶ፣ ጨምቆ፣ መልሶ ሰቀለው። ከዚያ ወደ ዕቃ ቤት ገባ። ሲወጣ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዞ ነበር፣ ዝገት የበላው። ዱቄቱ ሲታገድ ብዙ ሰው ለጉንዳን ይሆናል ብሎ ትንሽ ትንሽ አስቀርቶ ነበር፤ እኛም ጋ ያ ቆርቆሮ ቀርቷል።

«ምን ልታደርግበት ነው?»

«የፋሲካ ማግስት ክሎቪስ ከነቤተሰቡ ባሕር ዳር ሸርጣን ይበላል። እጁን እዚህ ውስጥ እስከ ክርኑ ያስገባታል። እምቢ ካለ እራሱ ላይ እደፋዋለሁ።»

«እስር ቤት ትገባለህ።»

«ካንሰሬን ይዤ ነዋ! ያክሙኛል፤ መምረጥም አይጠበቅብኝም።»

ለሃይማኖቴ ስል አስቆምኩት ብላችሁ ደስ ይለኝ ነበር። አላስቆምኩትም። ምክንያቱም የዚያን ቀን ራት በላ። የዳቦ ፍሬ ከምንለው የዛፍ ፍሬ ጥብስ ሦስት ቁራጭ በላ፣ ጨው ዓሣ ጨመረበት፣ «ቃሪያ የለም?» አለ። ተኛ፣ አንኮራፋ። በማግስቱ ጺሙን ተላጨ። ወረቀቱን ከመሳቢያ ማውጣት ተወ። የዶክተሯ የቀጠሮ ደብዳቤ ሳይከፈት ፍሪጁ ላይ ተቀመጠ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ክሎቪስን ምን እንደሚለው ሲለማመድ እሰማው ነበር፤ ቃል ሲያጣ ደግሞ እኔ አቀብለዋለሁ። አብረን ነው የጠመቅነው። እንደዚያ ሰሞን የተስማማንበት ጊዜ ብዙ አይደለም።

ግን ያንን ቆርቆሮ እንደገና በባዶ እጁ ሲያቅፈው፣ ክዳኑን እየከፈተ ሲያሸት ሳይ፣ ስልኩን አነሳሁ። ጊስሌን ጋ ደወልኩ። አፏን ሸፍና፣ ረጅም ጓንት አድርጋ መጣች፤ አባቷ ወጥቶ ዶሚኖ ሲጫወት ቆርቆሮውን በፕላስቲክ ጠቅልላ እንዲህ ያለ መርዝ ተቀብለው ለሚያስወግዱ ሰዎች ወሰደችው። እኔ ምስማር የማስቀምጥበት ተመሳሳይ አሮጌ ቆርቆሮ ነበረኝ። አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ የካሳቫ ዱቄት በጨርቅ ነፍቼ ሞላሁበት። በቦታው መለስኩት። ለፉልቤር አልነገርኩትም።

የፋሲካ ማግስት ሰኞ ሎረን ባሕር ዳር ሰው ይታጨቃል። በየዛፉ ሥር ድስት ይጣዳል፣ ሸርጣንና ሩዝ ይሸታል፣ ሩም የሚባለው አረቄ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ክሎቪስ ሰማንያ አራት ዓመቱ ነው፤ ነጭ ባርኔጣውን አድርጎ ጥላ ሥር፣ ባለመደገፊያ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ልጆቹ፣ የልጅ ልጆቹ ከበውታል። ትንሽ ራቅ ብሎ አልሲድና ሌሎች የድሮ ሠራተኞች ድስታቸውን ከበው ነበር። ፉልቤር የእሁድ ሸሚዙን ለብሶ፣ ቆርቆሮውን በብብቱ ይዞ በመካከላቸው አለፈ። እኔ ከኋላው።

«ሙሴ ክሎቪስ፣ እንደምን ዋሉ» አለ።

«ኦ፣ ፉልቤር! ና፣ ሸርጣን ቅመስ። አመመህ ሲሉ ሰማሁ።»

«አዎ። ፕሮስቴት ነው። ካንሰር።»

«አይ፣ አይ። እግዚአብሔር ያውቃል። መጸለይ ነው።»

«ስጦታ አምጥቼልዎታለሁ» አለና ፉልቤር ቆርቆሮውን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጦ ከፈተው። ነጭ ዱቄት። «ያውቁታል?»

የክሎቪስ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያን ፊት አርባ ዓመት ጠብቄዋለሁ።

«ምንድን ነው?» አለ።

«የላይኛው እርሻ ነዋ። ወተት። ይክተቱበት እጅዎን።»

«ፉልቤር፣ ልጆች አሉ እዚህ።»

«ያን ጊዜ እኔም ልጅ ነበረኝ። ይክተቱ።»

«ውሰደው ከዚህ!» ወንበሩን ወደኋላ ገፋ።

«እጅህን ክተታ!» አለ ፉልቤር። አንቱታው እዚያ ላይ አለቀ። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ ግን ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ማንኪያውን አቆመ። «ወተት ነው ብለኸኛል። በጥብጠህ ጠጣው ብለኸኛል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እጄን ከትቼዋለሁ፣ አንተ አንድ ጊዜ ክተት!» ቆርቆሮውን አንስቶ ወደ ክሎቪስ ደረት አስጠጋው።

ክሎቪስ ዘለለ። በዚያ ዕድሜው፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ዘለለ። ወንበሩ ተገለበጠ፣ ባርኔጣው አሸዋ ላይ ወደቀ። መሐረቡን አውጥቶ አፍንጫውን ያዘ። «ልጆቹን አርቁ! ልጆቹን አርቁ! መርዝ ነው!» እያለ ጮኸ።

ከወዲያ በኩል አልሲድ ቀስ ብሎ ተነሳ። «መርዝ ነው አልክ?» አለ። «መቼ ነው ያወቅከው?»

ያን ጊዜ እኔ ወደ ፊት ወጣሁ። ፉልቤር ቆርቆሮውን ሊገለብጥበት ክንዱን አንስቶ ነበር፤ ያዝኩት። ጣቴን ዱቄቱ ውስጥ ነክሬ፣ ሁሉም እያዩኝ፣ ላስኩት። አንዲት ሴት ጮኸች። ፉልቤር ራሱ ቀለሙ ገረጣ።

«ካሳቫ ነው» አልኳቸው። «ለሸርጣን ጥሩ ነው። ሙሴ ክሎቪስ አይወዱም መሰለኝ።»

የድሮዎቹ ሠራተኞች መጀመሪያ አልሳቁም። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ። ሳቃቸው ግን የደስታ አልነበረም፤ እኔ እንዲያ ዓይነት ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። ክሎቪስ መሐረቡን አፉ ላይ እንደያዘ መሃል ቆሞ ቀረ። ልጁ ክንዱን ይዞ ወደ መኪና ወሰደው። ባርኔጣውን ያነሳለት ሰው የለም።

ወደ ቤት ስንመለስ ፉልቤር ዞሮ አየኝ።

«ማን ቀይሪ አለሽ?»

«ያንተን እጅ ነው ያዳንኩት። የሱ አላሳሰበኝም።»

«ዱቄቱ ቢሆን ኖሮ እደፋበት ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚያ ነው የቀየርኩት።»

ሦስት ቀን ኮረፈኝ። እኔ ግን ያን ዝላይ እያስታወስኩ ድስት ሳጥብ እዘፍን ነበር። ንስሐ አልገባሁበትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ አንድ እግሩ ካልሲ አለው፣ አንዱ የለውም። «ኦርታንስ» አለኝ፣ «ሰኞ ዕለት ደስ ብሎኛል። አልዋሽሽም። ግን ዛሬም ያው ካንሰር ነው።»

ፍሪጁ ላይ የነበረውን ደብዳቤ አምጥቼ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ አልሲድ መጣ። እንደ ወትሮው ከደጅ አልጮኸም። ገብቶ ተቀመጠና ጫማውን እያየ፣ «እኔም ተቆርጫለሁ» አለ። «የዛሬ ሦስት ዓመት። ፓሪስ እህቴን ልጠይቅ ነው ብዬ የሄድኩ ጊዜ።»

«አንተ!» አለ ፉልቤር። «በኔ ስትስቅ የነበርከው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ፣ ላልቅስ? ስድስት ወር እንደ ሕፃን ጨርቅ ታጥቄ ከረምኩ። አሁን ደህና ነኝ። ስስቅ ብቻ ነው የሚያመልጠኝ።»

«አንተ ደግሞ ስትስቅ ነው የምትውለው!»

«ሱሪዬ ለምን ጥቁር እንደሆነ አሁን ገባህ?»

ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ። አልሲድ ወዲያው ብድግ ብሎ ወደ ሽንት ቤት ሮጠ። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ስለማይወራው ነገር ሁሉ አወሩ፤ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ አልሰማሁም ብላችሁ አታምኑኝም።

ዶክተር ሊናል ፊት ስንቀርብ ግን ፉልቤር እንደገና ተቆጣ። «ይቆረጥ» አለ። «ቆርጣችሁ ስጡኝ። በጠርሙስ አድርጌ የክሎቪስ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥለታለሁ።»

«ሙሴ ፉልቤር፣ እዚህ ክፍል ውስጥ ሦስት ሰው ነው ያለነው» አለች ዶክተሯ። «እሱ የለም። ለሱ ሲሉ መቆረጥ ይፈልጋሉ? ቁስሉ የእርስዎ ነው የሚሆነው።» ቀጠለችና፣ «እሱ የሚባል ሰው በዓለም ላይ ባይኖር ምኑን ነው በጣም የሚፈሩት?» አለችው።

ጉልበቱ ላይ ያስቀመጠውን ባርኔጣ አሽከረከረ። «ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሱሪዬ እንዳይረጥብ» አለ በመጨረሻ። «እና ደግሞ ማደንዘዣው። ልቤ ደካማ ነው፣ እንዳልነቃ። እና እሷ፣» ወደኔ ሳያይ፣ «እሷ እንዳትንቀኝ።»

«ሃምሳ ዓመት የናቅኩህን አልቆጠርክም?» አልኩት። ዓይኔ ግን ሞልቶ ነበር።

ጨረሩን መረጠ። ከጨረሩ ጋር የወንድ ሆርሞንን የሚያጠፋ የስድስት ወር መርፌ ነበረው፤ መርፌው ላብ በላብ ያደርገዋል፣ በድንገት ይሞቀዋል፣ ማራገቢያ ፊት ተገትሮ ይውላል። «የወር አበባዬ ሲቋረጥ አምስት ዓመት እኔ እንዲህ ሆኜ አንተ መስኮት ዝጊ ትለኝ ነበር» አልኩት። በየቀኑ መኪና እየመጣ ፎር-ደ-ፍራንስ ወሰደው፣ መለሰው። አምስተኛው ሳምንት ላይ ሆዱ ተረብሾ፣ ከመኪናው ሲወርድ እግሩ አልታዘዘውም፤ ያን ቀን ብቻ «ተሳስቼ ይሆን?» አለ። «አላውቅም» አልኩት። እውነቱ እሱ ነበር። ተቃቅፈን ገባን።

እስከዚያው ድረስ በሽታው ከሥራው የመጣ ተብሎ ተመዝግቦ ካሳ እንዲያገኝ ጊስሌን ማመልከቻ ጀምራ ነበር። ዱቄቱን እንደበተነ የሚያረጋግጥ የአለቃው የምስክር ፊርማ ያስፈልጋል። ፉልቤር «ፊቱን አላይም» ስላለ ክሎቪስ ቤት እኔ ሄድኩ። ሚስቱ ከሞተች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ብቻውን በረንዳ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«ኦርታንስ» አለኝ፣ «እመኚኝ፣ እኛም አናውቅም ነበር።»

«ማዳም ታውቅ ነበር» አልኩት። «ልብስዎን ለይታ ታሳጥበኝ ነበር። ማን ነገራት?»

ነፍሷን ይማር አላልኩም። ወረቀቱን ተቀብሎ ፈረመ። ፊርማው ከመስመሩ ወጣ፤ አዲስ ወረቀት አውጥቼ እንደገና አስፈረምኩት። ከኔ በኋላ አልሲድ ሄደ፣ ከሱ በኋላ ሌሎቹ፣ ዘጠኝ ሰው። ለሁሉም ፈረመ። ከባሕር ዳሩ በኋላ እምቢ የሚልበት አፍ አልነበረውም።

ማመልከቻው ተቀባይነት አገኘ። የደሙም ቁጥር ወርዶ ከአንድ በታች ሆነ። በየሦስት ወሩ ምርመራው ሲቃረብ ፉልቤር አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ይነጫነጫል፣ ውጤቱ ሲመጣ ይለቀዋል። ዶክተሯ ይኼም ከሕመሙ ጋር አብሮ የሚመጣ ነው ብላናለች።

አዲሱ ቄስ ባለፈው ወር ቤታችን መጥተው ነበር። ክሎቪስ ታሟል፣ ከአልጋ አይወርድም፣ ይቅር ብትሉት እረፍት ያገኛል አሉን። ፉልቤር ፈገግ ብሎ አዳመጣቸው፤ ቡና ቀዳላቸው።

«አባ» አላቸው፣ «እኔ ቂሜን ገና አልጨረስኩም። ስጨርስ እነግርዎታለሁ።»

ቄሱ ወደኔ ዞሩ። እኔ ስኳሩን አቀረብኩላቸው።